የማዳም ደ ላ ቱር ዱ ፓን ማስታወሻ ምን ያህል ይታመናል? ለምንስ 1815 ላይ ቆመ?

ቀለም ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሉሲ ዲሎንን፣ በኋላ ማርኪዝ ደ ላ ቱር ዱ ፓን የተባለችውን ማለቴ ነው፣ ማስታወሻዋን በቅርቡ ጨርሼ አሁን ደግሜ እያነበብኩት ነው። ሁለት ሦስት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ የፈረንሳይን ታሪክ የምትከታተሉ ካላችሁ ልጠይቃችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። 1770 ፓሪስ ተወለደች። ዲሎኖቹ ከአየርላንድ ተሰደው መጥተው ለፈረንሳይ ንጉሥ በውትድርና ያገለገሉ ቤተሰብ ናቸው፣ አባቷ አርቱር ዲሎን በቤተሰቡ ስም የሚጠራው ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። እናቷ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ደንገጡር ነበረች፣ 1782 ላይ በሳንባ በሽታ ሞተች፣ ልጅቷ ገና 12 ዓመቷ። ከዚያ በኋላ አያቷ እጅ ላይ ወደቀች፣ ማዳም ደ ሮት ትባላለች፣ ቁጡ፣ ፍቅር የማታውቅ ሴት። ቤቱ ደግሞ የናርቦን ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዘመዳቸው ቤት ነው፣ ሰውየው ጳጳስ ይባል እንጂ ለአደን የሚሞት ትልቅ ጌታ ነው፣ ድግስ፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዕዳ የሞላበት ኑሮ። ሉሲ ልጅነት የሚባል ነገር እንዳልነበራት ራሷ ትናገራለች። ግን በጣም የገረመኝ፣ ያኔ ያንን ሁሉ ቅንጦት እያየች አንድ ቀን ሁሉም ነገር ሊገለበጥ ይችላል ብላ እያሰበች ከአገልጋዮቹ ሥራ ትማር ነበር፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማብሰል።

1787 ላይ በ17 ዓመቷ ፍሬዴሪክን አገባች፣ ቤተ መንግሥት ገባች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ። አማቷ የጦር ሚኒስትር ስለነበሩ በጥቅምት 5 እና 6 1789 የፓሪስ ሴቶች ቬርሳይ ድረስ ሲመጡ እዚያው ነበረች። ከዚያ ባሏ ሄግ ላይ የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆነ፣ ከዚያ ተሻረ፣ ከዚያ ሽብሩ መጣ፣ የአብዮቱ መንግሥት ብዙ ሰው የገደለበት ጊዜ ማለት ነው። እሷ ቦርዶ አካባቢ ልጆቿን ይዛ ስትደበቅ ባሏ ሚራምቦ በምትባል ከተማ አንድ ቁልፍ ሠሪ ቤት ትንሽ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ወራት አሳለፈ። በመጋቢት 1794 ዲያን በምትባል ትንሽ መርከብ አምልጠው ሁለት ወር ያህል ባሕር ላይ ቆይተው ቦስተን ደረሱ። መርከቡ ላይ ፀጉሯን ቆርጣ ባሕር ውስጥ ጣለችው። በኋላ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኦልባኒ አጠገብ እርሻ ገዝተው ላም አለበች፣ ቅቤ ናጠች፣ ሸጠች።

አሁን ጥያቄዬ። ይሄን ሁሉ መጻፍ የጀመረችው 1820 ጥር 1 ቀን ነው፣ 50 ልትሞላ ሁለት ወር ሲቀራት። ማለትም ከቬርሳዩ ቀን 30 ዓመት ካለፈ በኋላ። ግን ንግግሮቹ ቃል በቃል አሉ፣ ማን ምን አለ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ በር ላይ ማን ቆሞ ነበር። ይሄ እንዴት ይታመናል? ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ መከራ እየተነገረ ድምጿ ለምን እንዲህ የረጋ ሆነ? አባቷ ሚያዝያ 13፣ አማቷ ሚያዝያ 28 1794፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጊሎቲን (አንገት መቁረጫው መሣሪያ) ላይ ሞቱ፣ እሷ ያኔ ባሕር ላይ ነበረች። አሜሪካ ላይ ደግሞ ትንሿን ልጇን ሴራፊንን ቀበረች። ሐዘኑን ትነግረናለች፣ ግን ወዲያው ሥራው ይቀጥላል፣ ላሞቹ ይታለባሉ። ሦስተኛ፣ እስከ 1853 ኖራ ማስታወሻው ለምንድነው መጋቢት 1815 ላይ የሚቆመው? ናፖሊዮን ከተሰደደባት ከኤልባ ደሴት ሲመለስ፣ በቃ፣ አለቀ። 38 ዓመት ሙሉ የለም።

የምታውቁ አስረዱኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መዝገብ ፈታሽ፦

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣሽው። ስለ መታመኑ ጉዳይ ብቻ ልናገር፣ ሌላውን ሌሎች ይሙሉት።

መጀመሪያ መለየት ያለብን ነገር አለ። በማስታወሻው ውስጥ በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር አለ፣ የእሷ ቃል ብቻ ያለበት ነገርም አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ሲፈተሽ በጣም ጥሩ ይቆማል። የአባቷና የአማቷ ፍርድ በአብዮታዊው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ። አማቷ በጥቅምት 1793 በንግሥቲቱ ችሎት ምስክር ሆነው ቀርበው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለማሪ አንቷኔት እጅ ነስተዋል፣ ይሄ በራሱ በችሎቱ ታሪክ የታወቀ ነው፣ ዋጋውንም በሕይወታቸው ከፍለዋል ማለት ይቻላል። ዲፕሎማቱ ታሌራን ከ1794 እስከ 1796 አሜሪካ ስደት ላይ እንደነበረ ማንም አይከራከርም። ባሏ የያዛቸው ሹመቶች ሁሉ፣ ሄግ፣ በናፖሊዮን ጊዜ ብራስልስ፣ ከዚያ አሚዬን፣ በኋላ ቱሪን፣ የመንግሥት መዝገብ ላይ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አጥንቱ ጠንካራ ነው።

ንግግሮቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በዚያ ዘመን ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ንግግርን አቀናብሮ ነው የሚያስገባው፣ አንባቢውም ይሄን ያውቅ ነበር፣ ማንም ቃለ ጉባኤ ነው ብሎ አያነበውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ እሷ በዓይኗ ያየችውንና የሰማችውን እየለየሁ ነው የማነበው። የጥቅምት 6ን ጠዋት ውሰጂ። እሷ ያደረችው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በባሏ አክስት ክፍል ነው፣ ውጭ የሆነውን አብዛኛውን የሰማችው ከአገልጋይዋ ከማርግሪት እና ከባሏ ነው። ባሏ ደግሞ የቬርሳይ ብሔራዊ ዘብ ምክትል አዛዥ ስለነበረ ብዙ ነገር አይቷል። ንጉሡ ወደ ፓሪስ ሲወሰድ ቤተ መንግሥቱን አደራ ያለው ለእሱ ነው ትላለች። ይሄ እንግዲህ ባሏ ለሚስቱ የነገራት፣ ሚስቱ 30 ዓመት በልቧ የያዘችው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን መንገዱን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁልጊዜ መጠንቀቅ ያለብን ባሏ ላይ ነው። ፍሬዴሪክ በመጽሐፉ ውስጥ ሁሌ ትክክል ነው፣ ሁሌ ሐቀኛ ነው፣ ሲሻር በሌሎች ተንኮል ነው። በጣም ስለምትወደው ነው እንጂ ለማታለል ብላ አይመስለኝም፣ ግን አንባቢ ልብ ማለት አለበት። ስለማትወዳቸው ሰዎች ደግሞ ብዕሯ ስለት አለው፣ አያቷን አንዴ አስቢያት።

ማነጻጸሪያ ከፈለግሽ ሴን ሲሞን አለልሽ። ዱኩ (1675–1755) የሉዊ 14ኛን ቤተ መንግሥት የጻፈው ከ1739 ጀምሮ አርጅቶ ነው፣ የተረከው ግን ከ1691 እስከ 1723 ያለውን ነው። እሱ ግን አጠገቡ የዳንዦ የዕለት መዝገብ ነበረው፣ ዳንዦ በየቀኑ ማን መጣ ማን ሄደ እያለ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው፣ ሴን ሲሞን በዚያ ላይ ተደግፎ ቀኖቹን አስተካከለ፣ ጥላቻውንና ፍርዱን ጨመረበት። ሉሲ እንዲህ ዓይነት ምርኩዝ አልነበራትም። እኔ እንደሚመስለኝ እሷን ያዳናት እጇ ነው። እጅ የሠራውን ሥራ ሰው አይረሳም። ለዚያ ነው የአሜሪካው ክፍል ከቤተ መንግሥቱ ክፍል ይልቅ የሚያሳምነኝ፣ ቬርሳይ ላይ ቀሚሱና ሥርዓቱ ነው ያለው፣ ኦልባኒ ላይ ግን ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ቅቤው እንዴት እንደሚታሸግ፣ ልብሱ ሰማያዊና ጥቁር ሰንበር ያለው የሱፍ ጉርድ እንደሆነ ሁሉ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለመዋሸት ብሎ አይፈጥረውም።

ነፃ ብዕር፦

መዝገብ ፈታሽ ባልከው እስማማለሁ ግን አሜሪካ ላይ ማንም ያልነካው ነገር አለና እኔ ልንካው፣ ምክንያቱም ሰው ይሄንን መጽሐፍ ሲያወድስ ሁሌ የታሌራንን የበግ ታፋ ታሪክ ነው የሚያነሳው። (ለማታውቁት፣ ሉሲ በግቢው ውስጥ በመጥረቢያ የበግ ታፋ እየቆረጠች ዘንግ ላይ ልትሰካ ስትል ታሌራን ከኋላ መጥቶ እንዲህ ባለ ግርማ ታፋ የሚሰካ ሰው አላየሁም አላት። እውነትም ደስ የሚል ታሪክ ነው። የሽብሩ መሪ ሮቤስፒየር መውደቁን የሰሙትም በዚያው ጉብኝት ነው።)

ያ እርሻ ግን በባሪያ ጉልበት ጭምር ነው የሠራው። ይሄንን ራሷ ነው የምትጽፈው፣ አልደበቀችም። መጀመሪያ ሚንክ የሚባል ወጣት ገዙ፣ ከዚያ አባቱን ፕራይምን፣ ሌሎችም፣ ጁዲት የምትባል ሴትም አለች። ኒውዮርክ ያኔ ባርነት ሕጋዊ የሆነበት ግዛት ነበር፣ ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው ሕግ የወጣው 1799 ነው፣ ሙሉ በሙሉ ያበቃው 1827 ነው። ማለት እነ ሉሲ 1796 ላይ ሲሄዱ ሕጉ ምንም አያስገድዳቸውም ነበር፣ ሊሸጧቸው ይችሉ ነበር፣ ገንዘብም ያስፈልጋቸው ነበር። ነፃ አወጧቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ልናሳንሰው አይገባም።

ግን እኔን የሚያመኝ ምን መሰላችሁ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚንክን ድምፅ የምንሰማው በእሷ አፍ ብቻ ነው። ለምን ለሌላ ጌታ እንዲሸጥ እንደፈለገ፣ ምን እንዳሰበ፣ ነፃ ከወጣ በኋላ የት እንደሄደ የምናውቀው እሷ የነገረችንን ያህል ብቻ ነው። እሷ ከጊሎቲን አምልጣ ነፃነት ያገኘችበት መሬት ላይ ሌላው ሰው በዋጋ ይገዛል። ይሄን ቅራኔ ራሷ ታየዋለች ወይ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ባሪያ መግዛት ስትጀምር ትንሽ ቅር እንዳላት ይሰማኛል፣ ግን ቶሎ ወደ ሥራው ትሄዳለች። ስለዚህ ቀለም ወዳጅ፣ ድምጿ ለምን ረጋ ብለሽ ስትጠይቂ እኔ የምለው፣ መርጋቱ ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም፣ አንዳንዴ የማየት ወሰንም ነው። የጻፈችው ላሳደጋት መደብ ዓይን ነው። በጎ ሰው ናት፣ ይሄን አልክድም፣ በጎ ሰው ግን የዘመኑ ሰው ነው።

የሴራፊን ሞት ላይ ግን ካንቺ ጋር ነኝ። 1795 ድንገት ታማ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተች። በአካባቢው የካቶሊክ ቄስ አልነበረም፣ እዚያው እርሻው ላይ ቀበሯት። ያንን ገጽ ሳነብ ልቤ ተሰብሯል፣ እውነቴን ነው።

ቀለም ወዳጅ፦

ነፃ ብዕር አመሰግናለሁ፣ ይሄንን ገጽ በደንብ ሳላስብበት ማለፍ አልፈልግም ነበርና ጥሩ አደረግክ ስላነሳኸው። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ነፃ ባወጡበት ቀን ሰዎቹን ሰብስባ ስትነግራቸው የነበረውን ስትጽፍ በሕይወቷ ካየቻቸው ደስ ከሚሉ ቀኖች አንዱ አድርጋ ነው የምታቀርበው፣ እና ያ ደስታ እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን አንተ እንዳልከው ያ ቀን የነሱ ቀን ነው እንጂ የእሷ አልነበረም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

ደግሞ ሌላው፣ ከአሜሪካ መመለስ አልፈለገችም ነበር። ባሏ ነው ንብረቱ ሊመለስ ይችላል ሲባል ልቡ ወደ ፈረንሳይ የሄደው። እሷ ለመቅረት ትፈልግ እንደነበር በግልጽ ትናገራለች። በስፔን በካዲዝ በኩል ዞረው ሲደርሱ ሌ ቡይ የሚባለው ቤታቸው ተዘርፎ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው፣ ሻርሎትን የወለደችው እዚያው ባዶ ቤት ውስጥ ነው በ1796 ኅዳር። ዓመት ሳይሞላቸው ደግሞ የመስከረም 1797 መፈንቅለ መንግሥት መጣና የተመለሱ ስደተኞች በሙሉ ይውጡ ተባለ፣ እንደገና ስደት፣ እንግሊዝ። እስቲ አስቡት፣ የምትወደውን እርሻ ጥላ መጥታ እንደገና ተባረረች። እኔ በዚያ ቦታ ብሆን ባሌን ይቅር የምለው አይመስለኝም ነበር፣ እሷ ግን አንድም የወቀሳ ቃል የላትም። መዝገብ ፈታሽ ስለ ባሏ ያለው እዚህ ላይ ነው በደንብ የገባኝ።

ስለ 1815 ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የሰሜን መብራት፦

1815ን እኔ ልሞክር። ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ መጽሐፉ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ አይደለም። 1820 ላይ ጀመረችው፣ ያ ዓመት ባሏ ቱሪን አምባሳደር ሆኖ የሄደበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አቋርጣ በእርጅናዋ ነው የተመለሰችበት። ስለዚህ ለምን ቆመ ሲባል አንዱ መልስ ቀላል ነው፣ ዕድሜ አልበቃትም። ግን እኔ በዚህ ብቻ አልረካም።

ልጆቿን ቁጠሩ። ኡምቤር የበኩር ልጇ፣ ሕፃን ሆኖ ከእናቱ ጋር ያንን ባሕር የተሻገረው ልጅ፣ በጥር 1816 ለክብር ተብሎ በሚደረግ የሁለት ሰው ፍልሚያ (ዱኤል) ተገደለ። ከማስታወሻው መጨረሻ አሥር ወር በኋላ ማለት ነው። ሴሲል፣ 1800 ላይ ከስደት ሲመለሱ ጀርመን ውስጥ የተወለደችው፣ 1817 ኒስ ላይ ሞተች፣ ገና 17 ዓመቷ። ሻርሎት፣ ባዶ ቤት ውስጥ የተወለደችው ያልሽን፣ አግብታ ልጆች ወልዳ 1822 ሎዛን አጠገብ ሞተች። ሴራፊን ኦልባኒ ቀርታለች። በስተመጨረሻ የተረፈላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ኤማር፣ 1806 የተወለደው የመጨረሻው።

እና አስቡት፣ 1820 ላይ እስክሪብቶ ስታነሳ ኡምቤርና ሴሲል ሞተዋል። ጽሑፉን ስትገፋ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ታውቃለች። ከ1815 አንድ እርምጃ ብታልፍ የኡምቤር ሞት ነው። የኔ ግምት እዚያ በር ላይ ስትደርስ ቆመች የሚል ነው። ማንም ይሄን ማረጋገጥ አይችልም፣ ግን ስለ ኡምቤር በፊተኛው ክፍል የምትጽፈውን ካያችሁ፣ እንዴት ቋንቋ እንደለመደ፣ እንዴት ያለ ልጅ እንደነበር፣ ያንን የምትጽፈው የሞተ ልጅ እናት መሆኗን ስታውቁ ገጹ ሌላ ይሆናል። ቀለም ወዳጅ ድምጿ ለምን ረጋ ብለሻል፣ እኔ የረጋ አይመስለኝም፣ የተያዘ ነው። እምነቷም አለ፣ ሃይማኖተኛ ሴት ናት፣ የመጣውን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ብላ ነው የምትቀበለው፣ ይሄንን ደጋግማ ትናገራለች።

ከ1815 በኋላ ያለውን ኑሮዋን ደግሞ ከደብዳቤዎቿ ማግኘት ይቻላል፣ በተለይ ለክርስትና ልጇ ለፌሊሲ ከጻፈቻቸው። እዚያ የምታገኟት ሴት ከማስታወሻዋ ይልቅ ቅርብ ናት፣ ገንዘብ ያሳስባታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፖለቲካ ያናድዳታል። 1830 ላይ ቡርቦኖች (የድሮው ንጉሣዊ ቤተሰብ) ወርደው ሉዊ ፊሊፕ ሲነግሥ ባሏ ታማኝነት አልምልም ብሎ ከሥራ ወጣ። 1832 ላይ ኤማር የቤሪዋ ዱቼስ ዙፋኑን ለቡርቦኖች ለማስመለስ ምዕራብ ፈረንሳይ ቫንዴ ላይ በሞከረችው አመፅ ውስጥ ገባ፣ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ ሸሸ። አባትየው ልጁን ደግፎ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጻፈና በ70ዎቹ ዕድሜው ቦርዶ ላይ ታሰረ። ሌ ቡይን መሸጥ ግድ ሆነ። ከዚያ ኒስ፣ ሎዛን፣ ባሏ 1837 ሎዛን ላይ ሞተ፣ 50 ዓመት አብረው ኖረው። እሷ ከኤማር ጋር ጣልያን ሄደች፣ ፒዛ፣ እዚያው በሚያዝያ 1853 ሞተች፣ 83 ዓመቷ።

ጽሑፉን ለኤማር ብላ ነው ያስቀመጠችው። በኋላ በሻርሎት ዘሮች እጅ ገባ፣ እና 1906 ላይ የልጅ ልጇ ልጅ ነው ያሳተመው። ከሞተች 53 ዓመት በኋላ! ለሕዝብ ብላ ብትጽፈው ኖሮ ይሄን ያህል ግልጽ አትሆንም ነበር። የዚያ ዘመን ዝነኛ ጸሐፊ ሻቶብሪያን የራሱን ማስታወሻ መብት ገና በሕይወት እያለ ለኩባንያ ሸጧል፣ አንባቢ ከፊቱ ተቀምጧል፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሐውልት ነው። የሉሲ ለአንድ ልጅ ነው። ለዚህ ነው እኔ አብልጬ የማምናት።

ኮከብ ቆጣሪ፦

ሁላችሁም ቆንጆ ነው የጻፋችሁት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄ ቤተሰብ ለማን ነው የሚያድረው? ሉዊ 16ኛን አገለገሉ፣ ናፖሊዮን ሲመጣ ከ1808 ጀምሮ የብራስልስ አስተዳዳሪ ሆኑ፣ ቡርቦኖች ሲመለሱ ቪየና ኮንግረስ (የአውሮፓ መንግሥታት ጉባኤ) ላይ ተገኙ። ጊሎቲን ላይ ሲሞት ያለቀሱለትን ንጉሥ ያህል ናፖሊዮንንም ያደንቃሉ። የእሷ ግማሽ እህት ፋኒ ዲሎን እኮ ጄኔራል ቤርትራንን ነው ያገባችው፣ መጨረሻ እስከተጋዘባት ሴንት ሄሌና ደሴት ድረስ ናፖሊዮንን ተከትሎ የሄደውን ሰውዬ። ስለ ታማኝነት ስትጽፍ ሳነብ ይሄ ነገር ይከብደኛል።

መዝገብ ፈታሽ፦

ኮከብ ቆጣሪ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን የዚያን ጊዜ መኳንንት ምን ምርጫ እንደነበራቸው አብረህ አስብ። ንብረታቸው ተወርሷል፣ የቀረው ተሽጧል፣ ልጆች ማሳደግ አለ፣ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት አንድ ብቻ ነው። ከስደት ከተመለሱት ብዙዎቹ ያንን መንገድ ነው የሄዱት። ፋኒንም ብትወስድ እናቷ የናፖሊዮን ሚስት የጆሴፊን ዘመድ ነበረች፣ ማርቲኒክ ላይ የተሳሰሩ ቤተሰቦች ናቸው፣ በናፖሊዮን ቤተ መንግሥት በሩ የተከፈተላቸው በዚያ በኩል ነው።

ደግሞ ባልየው ለናፖሊዮን የሚያጎበድድ ሰው አልነበረም። ከብራስልስ የተሻረውም ከሌሎቹ ባለሥልጣናት ጋር ስላልተስማማ ነው። ያኔ ሉሲ ምን አደረገች፣ ማንንም ሳትለምን ቬርሳይ ሄዳ ናፖሊዮንን ራሱን አነጋገረችው። ብቻዋን፣ ፊት ለፊት። ባሏ እንደተበደለ ነገረችው፣ እሱም ሰምቶ አሚዬንን ሰጠው። ያ ትዕይንት ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ ነው፣ ምክንያቱም ቬርሳይ ድሮ ደንገጡር ሆና የቆመችበት ቦታ ነው፣ አሁን ሌላ ጌታ መጥቷል፣ እሷ ግን አልተርበደበደችም። 1830 ላይ ደግሞ የምልህ ነገር ተፈትኗል፣ ሉዊ ፊሊፕ ሲመጣ ደመወዙን ትተው ወጡ፣ ድህነት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ። ታማኝነት የላቸውም ለማለት ይሄን መርሳት ያስፈልጋል።

ኮከብ ቆጣሪ፦

1830ን ልብ አላልኩትም ነበር በዚህ በኩል ሳየው። ናፖሊዮንን ያደነቀችው ግን ከልቧ ነው ወይስ በኋላ ያጌጠ ነው የሚለው አሁንም አልለቀቀኝም፣ እኔ ከልቧ ይመስለኛል፣ የሚሠራ ሰው ስለምትወድ። ሰነፍ ንጉሥ ላይ ምሕረት የላትም።

ነፃ ብዕር፦

በዚህ እስማማለሁ። ሉዊ 16ኛን ስታዝንለትም አካሄዱን ሳትነቅፍ አታልፍም። ለሰው ያላት መለኪያ አንድ ነው፣ ጭንቅ ሲመጣ እጁን ያንቀሳቅሳል ወይስ ይቀመጣል። ቦርዶ ላይ ቴሬዝያ ካባሩስን የምታመሰግናት ለዚህ ነው። ቴሬዝያ የታልየን ወዳጅ ናት፣ ታልየን ደግሞ ቦርዶን ለማስለቀስ የተላከ የአብዮቱ ሰው ነው፣ ሉሲ በአስተዳደጓ እንዲህ ያለችውን ሴት ቤቷ የምታስገባ አልነበረችም። ግን ፓስፖርቱ የተገኘው በእሷ ነው፣ አራት ነፍስ ተረፈ፣ እና ሉሲ ይሄንን ውለታ ሳታድበሰብስ ጻፈችው። ብዙ መኳንንት በኋላ የረዳቸውን ሰው ስም መጥራት ያፍሩ ነበር። ቁልፍ ሠሪውንም በስሙ ነው የምትጠራው፣ ፖቲየር ትለዋለች። የሚንክም ስም የተረፈው በዚሁ ልማዷ ነው፣ ይሄን ከላይ ከጻፍኩት ጎን አስቀምጡልኝ።

ቀለም ወዳጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰሜን መብራት የልጆቹን ዓመት እንዲህ ደርድረህ ሳየው የኡምቤርን ገጾች በሙሉ ደግሜ ማንበብ አለብኝ፣ ዛሬ ማታ ከመርከቡ ነው የምጀምረው። ደብዳቤዎቹንም እፈልጋለሁ። ከዚህ በኋላ በዚሁ ዘመን የሌላ ሴት ማስታወሻ ማንበብ ብፈልግ ማንን ትሉኛላችሁ? ቤተ መንግሥት ብቻ ያልሆነ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የሰሜን መብራት፦

ማዳም ደ ቧኝን አንብቢ። ለሉሲ ዘመድም ናት፣ እናቷ ከዲሎኖች ናት። 1781 ቬርሳይ ተወለደች፣ ልጅ ሆና ከንጉሡ ልጆች ጋር የተጫወተች ናት፣ ከዚያ ስደት፣ ለንደን ላይ ሕንድ አገር ሀብት ያካበተ በዕድሜ በጣም የሚበልጣት ጄኔራል አገባች፣ ለወላጆቿ ኑሮ ስትል። ትዳሩ አልሆነላትም። ማስታወሻዋ የታተመው 1907 ነው፣ ከሉሲ አንድ ዓመት በኋላ። ግን ላስጠንቅቅሽ፣ ሉሲን ለምደሽ ከሄድሽ ትቀዘቅዝብሻለች፣ ማዳም ደ ቧኝ ሰው ስትገመግም አትራራም፣ ወሬም ትወዳለች፣ መዝገብ ፈታሽ የሚለውን ያየችውንና የሰማችውን መለየት እዚያ ላይ በእጥፍ ያስፈልግሻል። ከ1814 በኋላ ያለውን ክፍል ቅድሚያ ስጪው፣ ቡርቦኖች ሲመለሱ ፓሪስ ምን ትመስል እንደነበር ከእሷ የተሻለ የነገረኝ የለም፣ ሉሲ የተወችውንም ጊዜ ከሌላ ዲሎን አፍ ትሰሚዋለሽ።